ከብርድ ወደ ብርድ

ሰው ለዕረፍት ወደ ብርድ ይሄዳል? እስኪ አእምሮ አለኝ የሚል ይመልስልኝ። ሞቃት አገር የሚኖር ሰው በረዶ ማየት አማረኝ ቢል አልፈርድበትም። እኛ ግን የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ነው። አፍንጫችን ሲቀላ፣ ከንፈራችን ሲሰነጠቅ፣ በየጧቱ የመኪናችንን መስታወት ስንፍቅ ዕድሜያችንን የጨረስን ሰዎች ነን። ከተመለስን ሳምንት አለፈን፣ እኔ ግን ንዴቴ እስካሁን አልወጣልኝም። ነገሩ የተጀመረው ቅጠሉ በሚረግፍበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ልጄ ሳባ ዌስተርቪል ባለው ቤቷ ምሳ አብልታን ካበቃች በኋላ፣ «አባዬ፣ ለዊንተር ብሬክ ፊንላንድ ልንሄድ ነው። አንተና እማዬም አብራችሁን ትመጣላችሁ። ኦልሬዲ ቡክ አድርጌዋለሁ፣ ሪፈንድም የለውም» አለችኝ። የት እንደሆነ አሳዪኝ አልኳት። ስልኳ ላይ ካርታውን ከፍታ በጣቷ ወደ ላይ ገፋችው፣ አሁንም ገፋችው፣ ካርታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቆመች። «እዚህ ጋ» አለች። ከዚያ በላይ ምን አለ ብላት «ምንም የለም!» አለችኝ፣ እንደ ምሥራች።

ሰበቡ ባለቤቴ የሺ ናት። የሺ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው ሽማግሌ ስታነሳና ስታስተኛ ኖራ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣች። ወጣች የምለው እንግዲህ ለወጉ ነው። ከቤት የሚወጣ ሥራ ቢቀርባት የሰፈሩን ሥራ ሁሉ ቤቷ አስገባችው። በበጋው አንድ ቀን ደረቷን ጨብጣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል አላት። መድኃኒቱን ከጻፈላት በኋላ ዋናው ዕረፍት ነው፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ በረዶ ደግሞ ፈጽሞ እንዳትዝቂ ብሎ አስጠነቀቃት፤ ወደ እኔም ዞሮ ይቺን የመጨረሻዋን ደገመልኝ። መድገምም አላስፈለገው። ብርዱ በመጣ ቁጥር አካፋ እንደጨበጠ በራፉ ላይ የቀረ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ እናውቃለን፣ ቀብሩም ላይ ቆመናል።

እኔም ዕረፍቱን አልተቃወምኩም። ሐኪሙ ግን ዕረፍት አለ እንጂ ፍሪጅ ውስጥ ግቡ አላለም። ፍሎሪዳ ውሰጃት አልኳት ሳባን። «አባዬ፣ ፍሎሪዳ ሐበሻ አለ» አለችኝ። ካሊፎርኒያስ ብላት ዝም ብላ ሳቀችብኝ። «አልገባህም። እማዬ ሐበሻ ባለበት አታርፍም። ስልኳ ይጠራል፣ ለቅሶ አለ ይሏታል፣ ድስቷን ይዛ ትወጣለች። ሐበሻ የሌለበት አገር ነው ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት።» እዚህ ላይ ልጅቷ እውነት አላት። ሥራ ቦታ የሚሰጧትን የዕረፍት ቀኖች የሺ በምን እንደጨረሰቻቸው እኔ ነኝ የማውቀው። እነዚያን ቀኖች የምናወጣቸው ለለቅሶ ነበር። እገሌ አባቱ አገር ቤት አረፉ ይባላል፣ መርዶው የሚነገረው ጧት ነው፣ የሺ ሥራ ቦታዋ ደውላ ቫኬሽን ትወስዳለች፣ ከዚያ የሰው ወጥ ቤት ገብታ ሦስት ቀን ሽንኩርት ትከትፋለች። የተረፈው ለሠርግና ለክርስትና ይሄዳል። አሜሪካኖቹ የሥራ ጓደኞቿ ከዕረፍት ፀሐይ መትቷቸው ፊታቸው ቀልቶ ሲመለሱ፣ የሺ በሽንኩርትና በለቅሶ ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች። ቫኬሽን እንዴት ነበር ሲሏት «ጥሩ ነበር» ነው መልሷ። ዘመኑን ሁሉ ጥሩ ነበር ስትል ኖረች።

ያን እሑድ ግን እምቢ ልል አፌን ስከፍት፣ ሳህን ታጥብ የነበረችው የሺ ፊቷን ሳትመልስ «እኔ መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። ውሃውን ዘጋች፣ ሳህኑን አስቀመጠች። እፈልጋለሁ የሚለው ቃል ከዚህች ሴት አፍ ሲወጣ ለመስማት ምን ያህል ዘመን እንደጠበቅሁ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ግን እንዴት ፊንላንድን? ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ስለምናት የኖርኩት ሰውዬ፣ ብርድ እፈልጋለሁ ስትለኝ ምን ልበል?

ከዚያ የልብሱ ጉዳይ መጣ። ፖላሪስ የሚባለው የገበያ ማዕከል ሄደን አንድ ጥንድ ካልሲ በሠላሳ ዶላር ገዛን። ካልሲ ነው የምላችሁ! ሻጩ ልጅ ደግሞ ከተራራ በግ ፀጉር የተሠራ ነው እያለ ሊያባብለኝ ይሞክራል። በእኛ ጊዜ በሠላሳ ዶላር አንድ ቤተሰብ ከእግር እስከ ራሱ ይለብስ ነበር፣ ያውም ለዳቦ ተርፎ። የልጅ ልጄ ሊያ በፋሽን ያበደ ሐምራዊ ቱታ ለብሳ መደብሩ ውስጥ ስትሽከረከር፣ እናቷ ፎቶ ስታነሳት፣ እኔ ካልሲውን በእጄ ይዤ በንዴት እመዝነዋለሁ። የሺ ብቻ አንድ ቀላ ያለ የሱፍ ጓንት አንስታ በእጇ ለካችው፣ መለሰችው፣ እንደገና ለካችው። ግዢው አልኳት።

ሐበሻ የሌለበት የተባለው አገር ገና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጉዱ ወጣ። ሻንጣችንን ስንጠብቅ ወለል የምታጸዳ አንዲት ወጣት ቀና ብላ አየችንና «ሐበሻ ናችሁ አይደል?» አለች። የሺ ፊቷ ፈካ። ሻንጣው ዞሮ እስኪመጣ ድረስ የልጅቱን አገር፣ የእናቷን ስም፣ ታማ የተኛች እኅት እንዳለቻት ሁሉ አወቀች። «ልጅቱ ብቻዋን ናት፣ ነገ ምሳ ሠርቼ ላድርስላት» ስትል ሳባ ክንዷን ይዛ ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን ጎተተቻት። እኔ እንኳ በዚያ ንዴት ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ።

የተከራየነው ከጫካ ዳር ያለ የእንጨት ቤት ነው። እዚያ አገር በዚያ ወራት ፀሐይ ከነአካቴው አትወጣም፤ ረፋዱ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ትንሽ ይቆይና መልሶ ይጨልማል። ለዚህ ነው የከፈልነው። ምግቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የእነሱ የዕረፍት ወራት የእኛ የገና ጾም ነው፤ ይህን ሳባ አላሰበችውም። ቤቱን ያከራየችን ሴትዮ የአጋዘን ሥጋ በትልቅ ድስት ሠርታ በእጇ ይዛልን መጣች፣ ደግ ሴት ናት። የሳባ ባል «መንገደኛ አይጾምም እኮ» ብሎ ሹካውን አነሳ። እኔና የሺ ቅቅል ድንችና ጥቁር ዳቦ በቀይ ፍሬ ማርማላታ እየበላን ተያየን። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ታመዋል ወይ ብላ ሳባን ጠየቀቻት። ሊያ «ዜይ አር ፋስቲንግ» አለቻት፣ እንደሚታዘንልን ሁሉ።

ያን ቀን ማታ ሁሉም ከውጭ ገብተው ጓንታቸውንና ካልሲያቸውን ማሞቂያው ላይ ደረደሩት። ያ ሽታ ሲነሳ ነው የጠፋሁት። እርጥብ ሱፍ ብረት ላይ ሲደርቅ የሚሸተው ሽታ፣ ትንሽ የበግ፣ ትንሽ የጢስ፣ ትንሽ የእግር። ዓይኔን ብገልጥ ኒር ኢስት ሳይድ፣ ኮሎምበስ እንደገባን የኖርንበት ሰፈር የምገኝ መሰለኝ። ቤቱ ቀይ ጡብ ነበር፣ በረንዳው ያዘመመ፣ የደረጃው ብረት የዛገ። ታች ወንዶች ነበርን፣ ላይ ሴቶች፤ ሁላችንም በሱዳን በኩል የመጣን ነን፣ ሁላችንም ካርቱም የተሰፋ እግሩ የሰፋ ስስ ሱሪ አለን፣ ለዚያ ብርድ የሚሆን ግን አንዳችን ምንም አልነበረንም። ማሞቂያው እንደ ልቡ ነው፤ ሲያሰኘው ይንፈቀፈቃል፣ ሳያሰኘው ሁለት ቀን ዝም ይላል። ካልሲያችን፣ ፎጣችን፣ የሴቶቹ ነጠላ ሁሉ እሱ ላይ ነበር የሚደርቀው። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ ዳቦ በሃምሳ ሳንቲም፣ ላስቲክ ሙሉ የዶሮ ክንፍ በአንድ ዶላር ይሸጥልን ነበር። ባለሱቁ ክንፉን ለምን እንደምንወደው ስላልገባው አንዳንዴ ዝም ብሎ ይጨምርልናል። ዛሬ ያ ሱቅ ቡና በሰባት ዶላር የሚሸጥበት ሆኗል፤ ያውም ቀዝቃዛ ቡና፣ በዚያ ብርድ።

ደህና ካፖርት ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ከአሮጌ ልብስ ቤት በአራት ዶላር የተገዛ፣ አረንጓዴ፣ ኮፍያው ዙሪያ ፀጉር ያለው፣ አንድ ቁልፉ የጎደለ። ሥርዓት ነበረው፤ በፈረቃ ነበር የምንለብሰው። እኔ ኦቤትስ መጋዘን የሌሊት ሥራ ነበረኝ፣ ያኔ ኦቤትስ በቆሎ እርሻ መሀል የቆሙ ጥቂት መጋዘኖች ነበሩ እንጂ የዛሬው ግርግር አልነበረም። አምስት ሆነን ሂተሩ በማይሠራ መኪና እንሄዳለን። ቴፑ በብርዱ ደርቆ ዘፋኙ እንደ ሰካራም ይጎተትብናል፤ ፈጣኑ የጭፈራ ዘፈን እንጉርጉሮ ሆኖ ነው ኦቤትስ የሚደርሰው። አሁንም ያን ዘፈን ሠርግ ላይ ስሰማው የፈጠነብኝ ይመስለኛል። ጎሕ ሲቀድ ስመለስ የሺ በር ላይ ትጠብቀኛለች፣ መጦሪያው ቤት የምትገባው በዚያ ሰዓት ነው። ካፖርቱን አውልቄ እሰጣታለሁ፣ እሷ ቶሎ ብላ ሙቀቱ ሳይወጣ ትገባበታለች። «እግዜር ይስጥህ፣ አሙቀህልኛል» ትለኛለች። ሌላ ወሬ አልነበረንም። አንድ ክረምት ሙሉ የተጫወትነው ይህችኑ ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሽማግሌ ሆኖ የተላከው ካፖርቱ ነው እያሉ ሲስቁብን ኖሩ፣ ሠርጋችንም ላይ ይህንኑ ተናገሩብን።

እዚህ ላይ ሰው ትዝታው ጣፍጦት ተሳስቶ መልካም ዘመን ነበር ሊል ይችላል። አልልም! ያች ልጅ ያን ካፖርት ለብሳ የምትቆምበት የአውቶቡስ ማቆሚያ ጣራ አልነበረውም። አውቶቡሱ ደስ ባለው ሰዓት ይመጣል፣ አንዳንዴም ሞልቻለሁ ብሎ ያልፋታል። ዘግይታ ስትደርስ ደግሞ አለቃዋ በሌሎቹ ፊት ይቆጣታል። በዚያ መንገድ ባለፈው ሳልፍ ማቆሚያው ጣራና መቀመጫ ተሠርቶለት፣ ማሞቂያ ያለው መብራት ሁሉ ተሰቅሎለት አየሁ። ማንም አልቆመበትም። መኪናዬን አቁሜ ለብቻዬ ተሳደብኩ። ሳባ እንደዚህ ያለውን ስነግራት «አባዬ፣ ዩ ሹድ ራይት ኢት ዳውን» ትለኛለች፣ እኔ ግን መጻፍ ሳይሆን የማማርርለት ሰው ነበር የፈለግሁት።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሶፋው ላይ ተኝቼ አድሬያለሁ። ረፋዱ ላይ የነቃሁት በድምፅ ነው። ክርር ይላል፣ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ዱብ ይላል። ያን ድምፅ የማያውቅ የኮሎምበስ ሰው የለም። አካፋ ነው። መጀመሪያ ሴትዮዋ ሠራተኛ ልካ ይሆናል አልኩ። ወደ መኝታ ቤት ብገባ የየሺ ቦታ ባዶ ነው፣ አልጋው ተነጥፏል። ቡትስ ጫማዬን ሳላስር አጥልቄ፣ በሹራብ ብቻ ሮጬ ወጣሁ።

በዚያ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ የሺ ቀላ ያለ ጓንቷን አጥልቃ፣ ወገቧን አጉብጣ በረዶ ትዝቃለች። ደረጃውን ጨርሳዋለች። ከደረጃው እስከ መኪናው ያለውን መንገድ ጨርሳዋለች። መኪናውንም ዙሪያውን አጽድታ፣ አሁን ማንም የማይኖርበትን የጎረቤት ቤት በራፍ ጀምራለች። አንድ ትዝቅና ቀና ብላ ትተነፍሳለች፣ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፣ እንደገና ታጎነብሳለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት፣ ድምፄን ጫካው አስተጋባው።

ደነገጠች። «ሰው እንዳያዳልጠው ብዬ ነው።»

«የቱ ሰው? እዚህ ሰው አለ?»

ዙሪያዋን አየች። እውነትም ሰው የለም፣ ዛፍ ብቻ ነው። «እኔ እንጃ» አለች። «ነቃሁ፣ በረዶ ጥሏል፣ አካፋው በሩ ላይ ቆሟል።»

«ልትሞቺብኝ ነው? አንቺ ሴት፣ እዚህ ድረስ ተሰድጄ ልቅበርሽ?»

«አትቆጣ፣ ቀስ ብዬ ነው የዛቅሁት» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆረጠ።

እኔ ደግሞ የተቆጣሁት እሷን አልነበረም። ማንን እንደተቆጣሁ አሁን ልናገር። ያች ሴት እግሯ አሜሪካ ከረገጠ ጀምሮ ከሰው ሁሉ ቀድማ የምትነሳ እሷ ናት። በዚያ በቀይ ጡቡ ቤት መጀመሪያ የሚወጣው ደረጃውን ይጠርግ ተባለ፣ መጀመሪያ የምትወጣው የሺ ናት። መጦሪያው ቤት በረዶ ለመጥረግ የተከፈለው ሰውዬ አርፍዶ ይመጣል፣ አምቡላንስ ቢመጣ ሽማግሎቹን እንዴት ያወጣቸዋል ብላ የሺ ትጠርጋለች። አንድም ቀን ይህ የሥራሽ አካል አይደለም ያላት የለም፣ እንዲያውም አንድ ጧት ብትቀር ምነው አልተጠረገም አሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ገና ከፈረንጆቹ በሰዓት ተከራይተን በምንገለገልበት ጊዜ የመኪና ማቆሚያው የእሷ ነበር። ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርሰው እሷ፣ ለቀስተኛው እንዳይወድቅ ጨው የምትነሰንሰው እሷ። ያ ሁሉ ሰው ሳይወድቅ በላይዋ ተራመደ። ይኸው አሁን ጠዋት ተነስታ የምትጠርግለት ሰው ብታጣ ለዛፍ ትጠርጋለች! እንዴት አልናደድ?

አካፋውን ከእጇ ቀማሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ጫካው ወረወርኩት። ጥልቁ በረዶ ውስጥ ገብቶ እጀታው እንኳ ሳይታይ ጠፋ።

«የሰው አካፋ!» አለች የሺ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «ሂድ አውጣው፣ ሴትዮዋ ምን ትለናለች?»

«ትበለን። አንቺ ግን ንክች አታደርጊውም።»

ጩኸቱን ሰምተው ሳባና ሊያ በሌሊት ልብሳቸው በር ላይ ቆመዋል። ሊያ «ባባ፣ ዋይ ዲድ ዩ ዱ ዛት?» አለች። ሳባ የእናቷን ፊት፣ የተጠረገውን መንገድ፣ ወዲያ ያለውን የጎረቤት በራፍ በዓይኗ ተከትላ አየች፣ ገባት። «እማዬ» ብላ እንባዋ መጣ። «እዚህ እኮ ነው ያመጣሁሽ። እዚህ!»

«ቁጭ በይ» አልኳት የሺን።

«የት ልቀመጥ? በረዶ ነው እኮ።»

«በረዶው ላይ!»

ንዴቴን አይታ ነው መሰለኝ አልተከራከረችኝም። ያልተጠረገው ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው በጥንቃቄ ቁጭ አለች። በረዶው ዝቅ ብሎ ተቀበላት። ሊያ ይህን ስታይ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ሮጣ መጥታ አጠገቧ ተዘረጋች፣ እናቷ ካፖርት ይዛ እየጮኸች ተከተለቻት። እኔ በላያቸው ላይ ቆሜ፣ የሺ ቀለሟ እንደተመለሰ ትንፋሿ እንደረጋ ለማየት ፊቷን እመረምራለሁ።

የሺ የቀኝ እጇን ጓንት አወለቀች። ባዶ እጇን በረዶው ውስጥ እስከ አንጓዋ ሰደደችው፣ እዚያው አቆየችው።

«አንተ» አለች።

«ምነው? ደረትሽን ነው?»

አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከበረዶው በእፍኟ አንስታ ቀና ብላ አየችኝ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፍቀው፣ ስትዝቀው፣ ጨው ስትነሰንስበት የኖረችው ሴት።

«ለስላሳ ነው እኮ» አለችኝ።